የፈቃድ ዐቀበትና የግድ ዐቀበት

የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደብር ካለበት ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በብስክሌት ለሚወጣ ሰው ሁለት መንገድ አለለት፤ አንደኛው በአስኮ፣ በቡራዩና በመናገሻ በኩል ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚዘልቀው፣ ሁለተኛው ከአየር ጤና ተነሥቶ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል የጅማን አቅጣጫ የሚይዘው ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር የሚበልጠው የወጨጫ ተራራ ይገኛል። አገሩ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነውና ኮረብታው ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም ለከተማው ቤት መሠረት፣ ለአጥሩ ግንብ፣ ለጎዳናው ጠጠር ስለሚፈለግ፣ ከዐቀበቱ ግራና ቀኝ ጎናቸው የተቆረሰ የድንጋይ ካባዎች በየስፍራው ይታያሉ። አየሩም ስስ ነው፤ የከተማችን ከፍታ 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነውና፣ ፔዳሉን የሚረግጠው ሰው ትንፋሹ ሲቆራረጥ ጥፋቱ ሁሉ የጉልበቱ እንዳይመስለው ይገባል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ከሃይማኖት እንጂ ከስፖርት ወገን አይደለም። ቁርሱን በልቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ በገዛ ፈቃዱ ራሱን ለድካም አሳልፎ የሚሰጥ ሰው፣ ለዕለት እንጀራው ሲል ሊመርጠው ያልቻለውን ድካም በሚደክም ሰው አጠገብ ላቡን እያፈሰሰ ሲያልፍ፣ የሁለቱ ላብ በእግዚአብሔር ፊት በአንድ ሚዛን ይመዘናልን? ድካምን የሚያከብረው ፈቃድ ነው ቢባል፣ ግድ ሆኖበት የሚደክመው ሰው ላቡ ክብር የለውም ማለት ይሆናል፤ የሚያከብረው ግድ ነው ቢባል ደግሞ፣ አበው በበረሃና በዋሻ በፈቃዳቸው የተቀበሉት መከራ ሁሉ ከንቱ ሊባል ነው።

ከቡራዩ ወዲህ ባለ አንድ ካባ አጠገብ ጎማዬን ልነፋ ቆሜ ሳለሁ ሥራውን በቅርብ አይቼዋለሁ። አንዱ ጎልማሳ በድጅኖ የአለቱን ስንጥቅ ያሰፋል፤ ሌላው በስንጥቁ ውስጥ የብረት ሽብልቆችን በመስመር ይተክላል፤ ከዚያም ከባዱን መዶሻ አንሥቶ በተራ ይመታቸዋል እንጂ በአንዱ ላይ አይበረታም፤ በአንዱ ቢበረታ አለቱ ባልፈለጉት በኩል ይሰነጠቃልና። እየተመታ ሲሄድ የብረቱ ድምፅ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሠራተኞቹ አለቱ ሊለቅ መሆኑን ዐውቀው እግራቸውን ይሰበስባሉ። የተፈለጠው ድንጋይ ይከመርና በቢያጆ ይሸጣል፤ ሲኖትራኩም እያጓራ ጭኖት ይሄዳል። ከሠራተኞቹ አንዱ ወጣት የመዶሻውን እጀታ ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ወዴት ተልከው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ማንም እንዳልላከኝ ስነግረው፣ «ታዲያ ይኼን ዐቀበት ምን አስወጣዎት?» አለ። ሊያፌዝብኝ አልነበረም፤ በእርሱ ዘንድ ሰው ዐቀበት የሚወጣው ወይ ሲላክ፣ ወይ ሲቸግረው፣ ወይ ሊሳለም ሲሄድ ነውና፣ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆንሁ ለመለየት ነበር። ብስክሌቱን ብሰጠው ይወጣበት እንደ ሆነ ስጠይቀው ግን፣ «ቁልቁለቱን ብቻ» ብሎ ሳቀ።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ በዚሁ ዐቀበት ላይ አንዳንድ ጎረምሶች የጭነት መኪና ጀርባ በአንድ እጃቸው ጨብጠው ሳይረግጡ ሲወጡ ይታያሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ይህ የጸጋ መንገድ ነው ብሎ ተከራክሮኛል። ትምህርተ ጸጋ እንዲህ ባለ ስፍራ ሲተረጎም መስማት ደስ ቢያሰኝም፣ ፍሬን እምቢ ብሎት ወደ ኋላ ከሚንሸራተት መኪና የሚያድን ትርጓሜ ግን አላገኘሁም።

ቤተ ክርስቲያናችን የፈቃድን ድካም አታቃልልም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው እንደ ተሰበረና በቀረው ቆመው እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይተርካል፤ ምእመናንም እስከ ዛሬ በዐቢይ ጾም ጉልበታቸው እስኪብረከረክ ይሰግዳሉ። ነገር ግን አበው የፈቃድን ድካም ብቻውን እንዲቆም አልተዉትም፤ ጾመኛው የተወው ምሳ በሌማቱ እንዳይቀር፣ ወደ ነዳያን እጅ እንዲተላለፍ አዘዙ፤ ምጽዋት የሌለው ጾም ለኪስ ትርፍ እንጂ ለነፍስ ትሩፋት እንደማይሆን አስተማሩ። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ የሥጋ ልምምድ ጥቂት ጥቅም እንዳለው ሳይክድ፣ እግዚአብሔርን ከማምለክ በታች አኖረው። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው ሐተታ፣ የደራሲው ማንነት ሊቃውንትን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ማለቴ ነው፣ ከዚህ አልፎ ጾምንና ምንኵስናን ራሳቸውን ከፈጣሪ ሥርዐት የወጡ የሰው ትእዛዛት ናቸው ይላል። እኔ እዚያ ድረስ አልከተለውም፤ ሆኖም ለከንቱ ውዳሴ የሚደክመውን ሰው ለመገሠጽ ከሐተታው የሚወሰድ ቁም ነገር እንዳለ አምናለሁ፤ ከእነዚያ ወገን ደግሞ ብስክሌተኞች ጥቂት አይደሉም።

ንጉሥስ በፈቃዱ ሲደክም ምን ይባላል? ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገድ ያልነበረበትን ገደልና ተራራ መንገድ ለማድረግ ከንጋት ጀምረው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ታሪኩን ሲያነቡ የንጉሡ ትሕትና ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ከአጠገባቸው ድንጋይ ያነሣ የነበረው ወታደር፣ ንጉሡ ራሳቸው ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ብሎ ሊያርፍ የማይችል፣ ድካሙ በፈቃድ ነው ወይስ በግድ? የአንዱ ፈቃድ የሌላው ግዴታ ሆኖ ሲገኝ የምናመሰግነው ንጉሡን ብቻ ነው፤ የወታደሩን ስም የጻፈው የለም። በአንጻሩ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈል፣ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በሜልቦርን ከ187 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው የጎዳና ውድድር ላይ ያፈሰሱት ላብ ማንንም ድንጋይ አላሸከመም፤ እንዲህ ያለውን የፈቃድ ድካም ያለ ቅሬታ ላከብረው እችላለሁ።

ግድ ስለ ሆነው ዐቀበት ግን ከኮልፌ ቀራንዮ ወጥቶ መሄድ አያስፈልግም። ከተማው ኮረብታን ቆርሶ ጉድጓድ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ጉድፉን ከምሮ ኮረብታ አድርጓል፤ እርሱም ቆሼ ነው። የሚሸጥ ብረትና ፕላስቲክ ለመልቀም ዕለት ዕለት ይወጡበት የነበሩት ሰዎች ዐቀበቱን አልመረጡትም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ጎጆዎች ሲቀብር ከ110 የሚበልጡ ነፍሳት አለቁ። ከዚያ ወዲህ፣ ዐቀበት ለነፍስ መልካም ትምህርት ቤት ነው የሚል ስብከት ስሰማ፣ የትኛው ዐቀበት ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ሰፈሩ በስሙ የተጠራበት ያ የመጀመሪያው ቀራንዮም በዚህ ነገር ላይ የሚመሰክረው አለው። ቅዱስ ጴጥሮስ እስከ ሞት እከተልሃለሁ ብሎ በፈቃዱ የተሳለ ሰው ነበር፤ በዚያ ዐቀበት ላይ ግን አልተገኘም። የተገኘው ከገጠር ሲመጣ መንገድ ላይ ተይዞ መስቀሉን እንዲሸከም የተገደደው የቀሬናው ስምዖን ነው። ሦስቱ ወንጌላውያን ይህን ሲጽፉ፣ ሰውየው በልቡ ምን እንዳሰበ፣ ተማርሮ ይሁን አዝኖ፣ አንዳቸውም አልነገሩንም፤ ማርቆስ ብቻ የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት መሆኑን ጽፎልናል። በግድ የተሸከመ ሰው ስሙ ከነልጆቹ በወንጌል ተጽፎ መገኘቱ፣ ፈቃድ የሌለበት ድካም ዋጋ የለውም ለሚሉት መልስ የሚያሳጣ ነገር ነው።

እንዲህ ከሆነ ነጻ ፈቃድ ሥፍራው የት ነው? ለረጅም ጊዜ ፈቃድ የባለ ትርፍ ጊዜ ሀብት፣ ግድ የድኻ ዕጣ ይመስለኝ ነበር፤ ይህ ግን ኮልፌን በጾም ወራት ያላየ ሰው ሐሳብ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ለአጥር በሚኖሩበት በዚህ ሰፈር፣ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚውለው ክርስቲያን በዐቢይ ጾም እህል ሳይቀምስ ይውላል፤ ሙስሊሙም በረመዳን በጠራራ ፀሐይ ጉሮሮውን በውኃ ሳያርስ መዶሻውን ያነሣል። መዶሻውን የሰጠው ችግር ነው፤ ጥሙን ግን ማንም አላዘዘበትም። በአንድ ሰው ሥጋ ላይ የግድና የፈቃድ ድካም ባንድነት ሲያርፉ፣ ለግዱ ሊሸነፍ የሚችልበት ምክንያት ሁሉ እያለው ከዚያ በላይ አንድ ነገር በፈቃዱ ሲጨምር፣ የነጻነት ኀይል ከባሕታውያን ዋሻ ባልተናነሰ በካባው ውስጥ ይገለጣል። ከዚህ ሰው ፊት በብስክሌት የሚያልፍ ባለ ውኃ ኮዳ ድካሙን ተጋድሎ ብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ ተድላ ነው፤ ተድላም ኀጢአት አይደለም፣ ምስጋና ካልተለየው።

ምስጋናውም ለማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያሠራ በተራራው ላይ 80,000 ድንጋይ ጠራቢዎች እንደ ነበሩት መጽሐፈ ነገሥት ይናገራል፤ ድንጋዩም በካባው ሳለ ተጠርቦ ያለቀ ስለ ነበር በቤተ መቅደሱ ሥራ ጊዜ የመዶሻ ድምፅ እንዳልተሰማ ይኸው መጽሐፍ ይመሰክራል። መምህራን ይህን ክፍል ሲተረጕሙ የቤቱን ጸጥታ ሲያደንቁ ሰምቻለሁ፤ ስለ ካባው ጩኸት የሰበከ ግን አላጋጠመኝም። በቀጭን ጎማ ሥር ያለ እንቅፋት የሚያልፈው አስፋልትም ከሥሩ የተነጠፈው ከእነዚሁ ኮረብታዎች የተፈለጠና የተፈጨ ድንጋይ ነው። እሑድ ጠዋት የአምቦ መንገድ ለብስክሌተኛ የሚመቸው ሲኖትራኩ ቆሞ፣ ጠራቢው ቅዳሴ ገብቶ ወይም ተኝቶ ስለሚውል ነው፤ የሰንበት ዕረፍት ትእዛዝ የተሰጠው ለሠራተኛው ቢሆንም፣ በመንገዱ የሚጠቀመው ቅዳሴውን ትቶ ብስክሌቱን የያዘው ሰው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከሆለታ ስመለስ «በረታህ» የሚሉኝ ወዳጆቼ «ደስ ብሎህ ዋልህ ወይ?» ቢሉኝ እመርጣለሁ፤ መልሱም አዎን ነው።