የጥበቃ ውሻ፦ በገንዘብ ወይስ በእዝነት?

በከተማችን ግቢውን ለማስጠበቅ ውሻ የሚያኖር ሙስሊም ጥቂት አይደለም። ሰሞኑን አንድ ወንድም «የጀርመን ዘር ልግዛ ወይስ መንገድ ላይ የተጣለውን ላንሳ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ስለ ውሻ ቢመስልም፣ በእኔ አመለካከት ስለ ገንዘባችንና ስለ እዝነታችን ነው።

ለአደን፣ ለእርሻ ወይም ለከብት ጥበቃ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው በየቀኑ ከምንዳው እንደሚጎድልበት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ብዙ ዑለማዎች የቤት ጥበቃን ከነዚህ ጋር አመሳስለው ፈቅደዋል። ለታይታ የሚያዝ ባለ ዘር ውሻ ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ የውሻ ዋጋ ተከልክሏል። የሻፊዒ መዝሀብ ሽያጩን አይቀበልም፤ የሐነፊ መዝሀብ ይፈቅዳል። በሐነፊ የሚሄደውን ወንድሜን አልኮንንም። ሆኖም በነፃ የሚገኝ እያለ ኺላፍ ወዳለበት ግብይት መግባት ለምን ያስፈልጋል?

«የመንገዱ በሽታ አለበት» ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው። መከላከያው ግን ክትባት ነው፤ ክትባት ለተገዛውም ያስፈልገዋል። የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ማጠቡም ለሁለቱም እኩል ነው። ሌባ ሲመጣ መጮህ ደግሞ የሐበሻ ውሻ አያቅተውም።

ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው የአላህን ምሕረት ማግኘቱን ሁላችንም ሰምተናል። በሱረቱል ከህፍ የዋሻው ውሻ ሲወሳም ዘሩ አልተነገረም፤ የተነገረው በደጃፉ መገኘቱ ነው።

እንግዲህ ጠባቂ የሚያስፈልገው ከመንገድ ያንሳ፣ ያስከትብ፣ ያብላ። ለግዢ ያሰበውን ገንዘብ ለጎረቤቱ የቲም ይስጥ። ወሏሁ አዕለም።