በሜዳ ተገኝቶ በወረቀት የጠፋ ሦስት ነጥብ

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካ በበርናርድ ፓርከር ጎል ቀድማ መርታ ነበር። ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ። በሁለተኛው አጋማሽ ያው ፓርከር ኳሷን በራሱ መረብ ላይ አሳረፋት፤ ዋልያዎቹም 2 ለ 1 አሸነፉ። ነጥባቸው 13 ደረሰ፤ ደቡብ አፍሪካ 8 ላይ ቀረች። የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ስለነበር የምድብ ኤ መሪነት ያለቀለት ጉዳይ ሆነ። ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የሚደረገው የአፍሪካ ማጣሪያ አሥር ምድቦች ነበሩት፤ የየምድቡ መሪዎች በደርሶ መልስ ተገናኝተው አምስቱ ወደ ብራዚል ይሄዳሉ። ኢትዮጵያ እዚያ ደጃፍ የደረሰች መስሏት አደባባይ ወጥታ ጨፈረች።

ጭፈራው ሳያበቃ፣ በዚያው ዕለት፣ ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ የዲሲፕሊን ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ምርመራው የሚመለከተው ከሳምንት በፊት ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ያሸነፍንበትን ጨዋታ ነው። አማካዩ ምንያህል ተሾመ በዚያ ቀን መሰለፍ አልነበረበትም፤ በሁለት ቢጫ ካርድ የአንድ ጨዋታ ቅጣት ነበረበት።

ነገሩ እንዴት እንዳመለጠ ለማየት የካርዶቹን ቀን መቁጠር ይበቃል። የመጀመሪያው ቢጫ ግንቦት 2004 ሩስተንበርግ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር 1 ለ 1 በተለያየንበት ጨዋታ የታየ ነው። ሁለተኛው የመጣው መጋቢት 2005 አዲስ አበባ ላይ ቦትስዋናን 1 ለ 0 ስናሸንፍ ነው። በመካከሉ ዘጠኝ ወር አልፏል። በእነዚያ ወራት ቡድኑ ሱዳንን ጥሎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፏል፤ ደቡብ አፍሪካ ሄዶም ከዛምቢያ፣ ከቡርኪና ፋሶና ከናይጄሪያ ጋር ተጫውቷል። ይህ ሁሉ ሌላ ውድድር ነው፤ የዚያ ካርድ ከዚህ አይደመርም፣ የዚህም በዚያ አይሰረዝም። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ሒሳብ ማንም ሳያስታውሰው ካቆመበት ቀጠለ። በሁለተኛው ቢጫ ማግሥት ቅጣቱ በቀጣዩ የማጣሪያ ጨዋታ፣ ማለትም ሎባትሴ ላይ፣ እንዲፈጸም ግድ ሆነ።

ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። ፊፋም ጨዋታውን ቦትስዋና በፎርፌ 3 ለ 0 እንዳሸነፈች አድርጎ መዘገበው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ በሌላ አማካይ ሊሸፈን በሚችል ቦታ ምክንያት ያለቀ ጉዳይ እንደገና ተከፈተ። ኢትዮጵያ ወደ 10 ወረደች። ፎርፌ ከአንዱ ነጥቆ የሚያቆም ቅጣት አይደለምና በአራት ነጥብ ከውድድሩ ወጥታ የነበረችው ቦትስዋና ሰባት ደርሳ ነፍስ ዘራች። አንድ ጨዋታ ሲቀር ሦስት ቡድኖች ለአንድ ቦታ ተፋጠጡ።

ጳጉሜን 2 ቀን ዋልያዎቹ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን ገጠሙ። በዚያው ቀን ደርባን ላይ ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን 4 ለ 1 ረትታ 11 ነጥብ ደረሰች። ብራዛቪል ላይ አቻ ብንለያይ እኛም 11 ላይ እንቆም ነበር፤ በጎል ልዩነት ግን እነሱ በሰባት ተርፈው፣ እኛ ፎርፌው አራት ጎል ስለወሰደብን በአንድ ብቻ ነበርን። ያዳነችን 2 ለ 1 ያሸነፍንባት አንዲት ጎል ናት። በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በ13 ነጥብ ምድቡን አሸነፈ። በደርሶ መልሱ ናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 አሸንፋ ብራዚል የገባችው እሷ ናት፤ ያ ግን በሜዳ የተሸነፍነው ነው።

ታሪኩ «ተጠንቀቁ» በሚል ምክር ቢዘጋ ቀላል ነበር። በዚያው ማጣሪያ የሌሎች አገሮች ዕጣ ግን ምክር ብቻውን እንደማይሠራ ያሳያል። ኢኳቶሪያል ጊኒ የማይገባውን ተጫዋች አሰልፋ ስትቀጣ ሦስቱን ነጥብ ያገኘችው ኬፕ ቨርዴ ናት። ይህችው ኬፕ ቨርዴ በመጨረሻው ጨዋታ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ ምድቧን መራሁ ስትል፣ ቅጣቱን ያልጨረሰው ፈርናንዶ ቫሬላ ተሰልፎ ተገኘ። ውጤቱ ተገለበጠና ቱኒዚያ አለፈች። የሌላው ስህተት የጠቀማት አገር ወራት ሳይቆይ በዚያው ጉድጓድ ወደቀች።

የደቡብ አፍሪካ ደግሞ ይብሳል። መስከረም 2004 ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከሴራሊዮን ጋር ያለ ጎል ሲለያዩ በጎል ልዩነት ያለፉ መስሏቸው ሜዳው ላይ ጨፈሩ። ደንቡ ግን በነጥብ እኩል የሆኑትን የሚለየው እርስ በርስ ባገኙት ውጤት ነበርና ያለፈችው ኒጀር ናት። አንዲት ጎል ይበቃቸው ነበር። ከዚያ የእኛን ፎርፌ በአጠገባቸው አዩ። መጋቢት 2017 ላይ ሌሴቶን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ግን ሁለት ቢጫ የነበረበትን ቴቦሆ ሞኮዬናን አሰለፉ፤ ፊፋም ጨዋታውን 3 ለ 0 ለሌሴቶ ሰጠ። እንደ እኛ ብራዛቪል ሁሉ እነሱም በመጨረሻው ቀን ሩዋንዳን 3 ለ 0 ረትተው በአንድ ነጥብ ብልጫ ለዓለም ዋንጫ አለፉ።

እነዚህ ሁሉ ደንቡን ያውቁ ነበር፣ ቢያንስ የሚያነብላቸው ሰው ነበራቸው። የጎደለው ሒሳቡ የማን እንደሆነ ነው። አሰልጣኙ ስለ አሰላለፍ ያስባል፤ የቡድን መሪው ስለ ጉዞና ሆቴል፤ ጽሕፈት ቤቱ ስለ ደብዳቤ። ተጫዋቹም ከዘጠኝ ወር በፊት ያየውን ቢጫ እንዲቆጥር አይጠበቅበትም። እያንዳንዱ ሌላው ያየዋል ብሎ ሲያልፈው ካርዱ ባለቤት አጣ።

ስለዚህ ከምድብ ኤ የሚወሰደው ትምህርት የአሠራር ነው። ማጣሪያው ሲጀመር አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፤ አሰልጣኝ ቢቀየር፣ በመሐል ሌላ ውድድር ቢገባ የማይቋረጥ አንድ መዝገብ ይያዝ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ከዳኛው ሪፖርት ጋር ይመሳከር። የተጫዋቾች ዝርዝር ለጨዋታው ኮሚሽነር ከመሰጠቱ በፊትም ያ ሰው ይፈርምበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የቡድኑ ኮከብ ቢሆን እንኳ፣ አሰልጣኙ ቢቆጣም፣ ስም የመሰረዝ ሥልጣን ይኑረው። ሥልጣን የሌለው ቆጣሪ ስህተቱን ቢያየውም አያቆመውም።