ከማዕድ የሚሰርቅ እጅ

«ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላል የቆየው ተረት። የአነጋገሩ ክብደት ያረፈው በስርቆቱ ላይ አይደለም፤ በቦታው ላይ ነው። ማዕድ ለመስረቅ ምክንያት የማይገኝበት ቦታ ነው። ምግቡ ቀርቧል፣ እጅ ታጥቧል፣ «ብሉ» ተብሏል፣ የሚያጎርስም አጠገብ ተቀምጧል። እዚያ የሚሰርቅ ሰው ርቦት አይሰርቅም፤ የሚሰርቀውም ለራሱ የቀረበውን ነው። ስለዚህ ተረቱ የድሃን ችግር ወይም የስግብግብን ባሕርይ ሊነግረን አልመጣም። የሚነግረን ከፍላጎት ጋር ስለተለያየ ድርጊት ነው፤ ሆድ ሳይጠራው፣ መሄድ ስለለመደ ብቻ ስለሚሄድ እጅ። ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር ያለንን ሕይወት ከዚህ አነጋገር በተሻለ የሚገልጽ አላውቅም። ነገር ግን ተረቱ በሽታውን በትክክል ቢያይም መድኃኒቱን ግማሽ ላይ ይተወዋል የሚል እምነት አለኝ፤ ግማሹን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብን።

መልካ ጀብዱን እንውሰድ። ከድሬዳዋ መሀል ወጣ ብላ፣ በነጻ የንግድ ቀጠናው አካባቢ ያለች ሠፈር ናት። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ለዚህ አካባቢ ሁለት ነገሮች በአንድ ወር ውስጥ ይዞ መጣ። በወሩ መጀመሪያ ሰሞን የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ሥራ መጀመሩ ተበሰረ፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ የቴሌኮም ኩባንያው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ከሌሎች ከተሞች ሁሉ አስቀድሞ በድሬዳዋ ከፈተ። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አንድ በር ብቻ የነበረው ቤት ሁለተኛ በር ያገኘው እዚያ ነው። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ደንበኛ የመምረጥ መብት አገኘ። ነገር ግን ኢንተርኔቱ የገባው ባዶ ቀን ውስጥ አልነበረም። ድሬ የራሷ የሰዓት ሥርዓት አላት። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅ ይዘጋል፣ ቤተሰብ ለምሳ ይሰበሰባል፣ ከዚያ የሚያርፈው ያርፋል፣ ጫት የሚቅመው በርጫ ይቀመጣል፣ ፀሐይ በረድ ሲል ከተማው እንደገና ይከፈታል። ያ የቀትር ጊዜ የቤተሰብና የጎረቤት ነበር። አሁን ስልኩ የሚሰርቀው ከሁሉ አስቀድሞ ይህንኑ ሰዓት ነው። ሰዎቹ አብረው ናቸው፣ ትሪው መሀላቸው ነው፣ ዓይናቸው ግን ጣታቸውን ተከትሎ ወርዷል። ከማዕድ መስረቅ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ በነጻ የተሰጠን የሰው ፊት ትቶ የማያውቁትን ሰው ፊት ማየት።

ተረቱ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። በተረቱ ቤት ማዕዱን ያቀረበው ሰው ስርቆቱን አልፈለገውም። በስልኩ ውስጥ ግን አቅራቢው የሚያተርፈው እጃችን መሄድ ባለማቆሙ ነው፤ የሚሸጠው ለማስታወቂያ የሚሆነው ትኩረታችን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ የገጽ ነዳፊ፣ ገጹ ጨርሶ እንዳያልቅ አድርጎ የሚያስወርድ ዘዴ ፈጠረ፤ በኋላ ላይ ባስከተለው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። የእንጀራ ትሪ ያልቃል፤ ማለቁም «በቃኝ» ለማለት ይረዳል። ማለቂያ የሌለው ገጽ ይህን እርዳታ ወሰደብን። በዚያ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ አሥሩ ቪዲዮ ተራ ነው፣ አሥራ አንደኛው ያስቃል ወይም ያስለቅሳል። የሥነ ልቦናው ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእርግቦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት፣ ጊዜው ታውቆ ከሚሰጥ ሽልማት ይልቅ እንስሳውን አጥብቆ ያስራል። ስለዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ላይ ያመሸን ወጣት «አንተ ሰነፍ» ብሎ መስደብ ግማሽ እውነት ብቻ የያዘ ፍርድ ነው፤ ተረቱም ቢሆን የከሰሰው ልማዱን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

«እንግዲያውስ ይዘጋ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ሐሳብ ኢትዮጵያ ሳትፈልገው ፈትናዋለች። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ ለአምስት ወራት ያህል፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገሪቱ ታግደው ነበር። የእገዳው ዓላማ የፖለቲካ እንጂ ሰውን ከልማድ መፈወስ እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጠውን ነጋዴና መረጃ የሚፈልገውን ዜጋ መጉዳቱም መረሳት የለበትም። ስለ ልማድ ግን አንድ ነገር አስተምሯል። ብዙው ሰው እገዳውን የሚያልፍ ቪፒኤን ማውረድን ተማረ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች እንኳ የቃሉን ትርጉም ሳያውቁ በስሙ የሚጠሩት ሆኑ። እገዳው ሲነሳም እጁ ወደነበረበት ተመለሰ። ከውጭ የተዘጋ በር የልማዱን ሥር አይነካም። ይህን ከሌላ ሙከራ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኢኮኖሚስቱ ሀንት አልኮትና ባልደረቦቹ ከ2,700 የሚበልጡ አሜሪካውያንን ይዘው፣ በዕጣ የተለዩት ለአራት ሳምንት ፌስቡካቸውን በክፍያ እንዲዘጉ አደረጉ። የዘጉት ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነጻ ጊዜ አገኙ፤ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ጨመረ፤ ደስታቸውም በመጠኑ ተሻሻለ። ትልቁ ቁም ነገር ግን ከአራቱ ሳምንት በኋላ ያለው ነው፦ ክፍያው ካበቃ በኋላም አጠቃቀማቸው ከቀድሞው ያነሰ ሆኖ ቀጠለ። በሁለቱም ቦታ ስልኩ ላይ ያለው ነገር ተዘግቷል። ልዩነቱ በአሜሪካ ሰው ተስማምቶ መዝጋቱ፣ በኢትዮጵያ ተገድዶ መሆኑ ነው።

ተስማምቶ መገደብን ድሬዳዋ ከአሜሪካ መማር አያስፈልጋትም። ስለ ጫት ጉዳት የሚባለውን ሁሉ አምናለሁ፤ ላሞግሰው አልፈልግም። ነገር ግን ማኅበረሰቡ ለዚህ ልማድ ያበጀለትን አጥር ማየት ተገቢ ነው። በርጫ ሰዓት አለው፣ ቦታ አለው፣ አብረውት የሚቀመጡ ሰዎች አሉት። ሰዓቱን አፍርሶ ከማለዳ እስከ ሌሊት የሚቅመውን ሕዝቡ ራሱ «ጀዝባ» ብሎ ይለየዋል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ዘወትር በቀትር የሚቅመው ሰው ቀኑን ሙሉ ከአፉ ያርቀዋል፤ ማንም ፖሊስ አልቆመበትም፣ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮት ስለሚጾም ነው። ክርስቲያኑም በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት የሚርቀው በዚሁ ኃይል ነው። ስልኩ እስካሁን እንዲህ ያለ አጥር የለውም። ሰዓት አልተቆረጠለትም፣ ምሳ ላይ ማውጣቱ ነውር ነው ተብሎ አልተነገረም፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ ለሚያድር ሰውም የተለየ ስም አልወጣለትም። የተረቱ ጎደሎ የሚሞላውም እዚህ ነው፦ ልማድ በአንድ ሰው ጽናት ብቻ አይላቀቅም፣ ማዕዱን የሚጋሩት ሁሉ ሥርዓት ሲያወጡለት ነው የሚላቀቀው። አባት ስልኩን ሳያስቀምጥ ልጁን «አስቀምጥ» ቢል አይሰማም፤ ልጁም ባይሰማው እውነት አለው።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ስልኩ መዝናኛ ብቻ አይደለም የሚለው ነው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ከቤቱ የሚገናኘው በእሱ ነው። ልጇ ሳዑዲ ያለችባት እናት የልጇን ድምፅ የምትሰማው በኢሞ ነው። ሸቀጥ የሚያሻግር ነጋዴ ዋጋ የሚጠይቀው በቴሌግራም ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ተረቱም ከማዕድ አትቅረብ አላለም። ለሥራ የከፈቱት ስልክና በከፈቱበት የጠፉበት ስልክ ግን አንድ አይደሉም፤ ከሁሉ ይልቅ ይህን የሚያውቀው ተጠቃሚው ነው። አልኮትና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ከማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም 31 በመቶ የሚሆነው ራስን መግዛት ካለመቻል የሚመጣ እንደሆነ ገምተዋል። የአሜሪካው ቁጥር ለመልካ ጀብዱ በቀጥታ አይሠራ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ይገባናል። የሚሰረቀው ይህ ክፍል ነው፤ የእናትየዋ ጥሪ ከዚህ ውስጥ የለበትም።

ሌላው ተቃውሞ ከራሱ ከተረት ይመጣል፦ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ»። ይህን አባባል በሰው ላይ ሲጠቅሱት አልቀበለውም። የረመዳኑ ቃሚ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል በየዓመቱ ያፈርሰዋል። የለንደን ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ድርጊት ያለ ሐሳብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን በቅቶታል፣ ለሌላው ከስምንት ወር በላይ እንደሚያስፈልገው ተገምቷል። ስለዚህ ምሳ ላይ ስልኮቹን ሁሉ በአንድ መደርደሪያ ላይ ለማኖር፣ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ለማድረግ፣ ከሰው ጥሪ በቀር ሌላውን ኖቲፊኬሽን ለመዝጋት የተስማማ ቤተሰብ በመጀመሪያው ሳምንት ካልተሳካለት አልተሸነፈም። በዚያው ጥናት ውስጥ አንድ ቀን የሳቱ ሰዎች ልማዳቸው መገንባቱን ቀጥሏል፤ በማግስቱ ከጀመሩበት ቀጥለዋል።