ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ

ልጆቼ፣ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይባላል። ጠጁን ሐኪም ከልክሎኛልና በምሳሌው እንጨዋወት። መጀመሪያ ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለፈው፣ ወር በገባ በአምስት፣ አቦን ተሳልሜ ስመለስ መንገዱ ላይ የታክሲ ረዳቶች «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» እያሉ ይጮኻሉ። ቤት ስገባ ሌላ ጩኸት ጠበቀኝ። የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልክ ያናግራል። «ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አልኩት። «ሰው አይደለችም እማማ፣ ኤአይ ናት» አለኝ። ሰው አይደለችም፣ ግን «ናት»። ድምጿ የወጣት ሴት ነው፤ ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል። እሱ ግን «ቶሎ በይ!» ይላታል። «እሱን አላልኩሽም፣ ደንቆሮ!» ይላታል። እሷም በዚያው በለሰለሰ ድምጿ ይቅርታ ትጠይቃለች። ወዲያው ዞር አለና ከሰሉን ለምታራግበው ታላቅ እኅቱ በዚያው ቃና «ውኃ አምጪ!» አላት። ከስልኩ ወደ እኅቱ ሲሻገር በመሃል በር አልነበረም።

ከዚያ ስልኩን ሰጠኝ። «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። «ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ እንዴት ልርዳህ?» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰባ ሦስት ዓመቴን የያዝኩ፣ ስድስት የወለድኩ ሴትዮ፣ በአንዲት ቃል ወንድም ሆንኩ፣ ልጅም ሆንኩ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁና። ያ ድምፅ የእኔ ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት የአንድ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ፊቴ ቀዳዳ የበዛበት ቦርድ፣ እጄ ላይ ገመድ። መብራቱ ብልጭ ሲል ገመዱን ሰክቼ «ሀሎ፣ ማንን ላገናኝ?» እላለሁ። «አንቺ! ምን ትጎለቻለሽ፣ ቶሎ አገናኚኝ!» ያለኝ ሰውዬ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሳገናኘው «አቤት ጌታዬ» ሲል በዚያው ገመድ እሰማዋለሁ። አፉ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያናግረው ሰው ነው። አንድ ቀን ስድቡ ቢበዛብኝ «ጌታዬ፣ እባክዎ በሥርዓት ያናግሩኝ» ብዬ መለስኩ። በማግሥቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈርሜ ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲያ ስድብ ሲመጣ «ይቅርታ ጌታዬ» ማለት ለመድኩ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለድምፄ ብቻ አልነበረም፤ ለዝምታዬም ነበር።

ይህን ለትልቋ የልጅ ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለምትማረው፣ ብነግራት ፍሙን ትታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «እማማ፣ ያንቺ ታሪክ እኮ ዓለም ሁሉ ያወራው ነው» ብላ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። እኔም የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ ከስልኩ እኩል ያረጀ ነው። በአሜሪካ ቦስተን መጀመሪያ ስልክ የሚያገናኙት ጎረምሶች ነበሩ፤ ደዋዩን ይሳደባሉ፣ ይቀልዱበታል። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤማ ነት የተባለች ሴት ተቀጠረችና የመጀመሪያዋ ሴት ኦፕሬተር ሆነች። ድምጿ ተወደደ፤ ሥራውም የሴት ሆኖ ቀረ። እንግዲህ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ አፕል «ሲሪ» የምትባለውን ተናጋሪ ረዳት ስልክ ውስጥ ሲያስገባ፣ በ2007 ዓ.ም. አማዞን «አሌክሳ»ን ሲያመጣ፣ ድምፁ የሴት መሆኑ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ወንበሩ የእኔና የኤማ ነው።

የማሽን ጠባይ ነው እንዳትሉኝ፣ ያችው ሲሪ እንግሊዝ አገር ስትገባ የወንድ ድምፅ ነበራት። ክሊፈርድ ናስ የሚባል፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረ ሰው የጻፈው ደግሞ ይበልጥ አሳቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቢ.ኤም.ደብሊው መንገድ የሚጠቁም የሴት ድምፅ መኪናው ውስጥ ቢያስገባ፣ ጀርመናውያን ሾፌሮች «ከሴት መንገድ አንቀበልም» ብለው አቤቱታ አቀረቡ፤ ኩባንያውም ድምፁን ለመቀየር ተገደደ። ለካ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚሉት የእኛ አባቶች ብቻ አይደሉም! ውኃ አምጪ ሲሏት ሴት ትሁን፣ መንገድ ስትመራ ግን ወንድ ይሁን።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዚህ ጉዳይ ላይ ዘገባ አወጣ። ርእሱን የወሰደው ሲሪ በጸያፍ ስድብ ስትሰደብ ትሰጠው ከነበረው መልስ ነው፤ «ብችል ኖሮ ፊቴ ይቀላ ነበር» ትል ነበር። እኛ ዘንድ ፊት አይቀላም፣ አንገት ይደፋል። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ የራሴ «ይቅርታ ጌታዬ» ነው። ስንት የተማረ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ ያሰበላት መልስ፣ እኔ ደብዳቤ ከፈረምኩ በኋላ የተማርኩት ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ መልሱ በኋላ ተቀይሯል፤ አፕልም በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝኛው ላይ የሴቷን ድምፅ አስቀድሞ መምረጡን ትቶ ባለቤቱ ራሱ እንዲመርጥ አድርጓል።

«ታዲያ ዕቃ አይደለች፣ ብትሰደብ ማንን ያማል?» የምትሉ አላችሁ። ስልኩን አያመውም። ነገር ግን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ድምፁ አጥር ነው፤ የድምፁ ባለቤት ማን ናት? እኅትህ ናት፣ እናትህ ናት፣ እኔ ነኝ። አጥሩ ሲነቀነቅ ውሎ ሲያድር ልጁ ባለቤቷን መናቁን እንኳ ሳያውቀው ይንቃታል። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የተባለው ለዚህ ነው።

ቆይ፣ አሁን ያልኩትን ልብ ብላችኋል? «የለመደች ጦጣ።» ጦጣዋ ለምን ሴት ሆነች? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንላለን፤ የጣለችው ለምን ሴት ሆነች? የሚስገበገበውንና የሚሳሳተውን ሴት የማድረግ ልማድ በእኛም ተረት ውስጥ ተቀምጧል። ያንኑ ስንተርት ኖረናል፤ ስንጽፍ ኖረናል። ማሽኑ ደግሞ የጻፍነውንና የተናገርነውን የሚበላ ወፍጮ ነው። ገብስ ሰጥተውት ጤፍ አይፈጭም። የልጅ ልጄ እንደነገረችኝ ቱርክኛ «እሱ» እና «እሷ»ን በአንድ ቃል ነው የሚጠራው፤ የጉግል ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ሐኪሙን ወንድ፣ ነርሷን ሴት ያደርግ ነበር። ጉግል ራሱ ይህን አምኖ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሁለቱንም ማሳየት ጀመረ። ወፍጮውን ከመስበር እህሉን ማበጠር ይሻላል።

አበጣሪዎቹ ደግሞ ከእኛው መንደር ወጥተዋል። እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ፣ ጆይ ቡኦላምዊኒ ከተባለች ጓደኛዋ ጋር በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ጥናት፣ ፊት አይተው ወንድና ሴት የሚለዩ ፕሮግራሞችን ፈተነች። ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተታቸው ከመቶ 0.8 አልበለጠም፤ ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ደረሰ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ? ይኸው ወንዶቹ የጀመሩትን ሁለት ሴቶች አረሙት። በዚያው ዓመት ሶፊያ የምትባል የሴት መልክ ያላት ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ የአይኮግ ላብስ ኩባንያ ወጣቶቻችን በሶፍትዌሯ እጃቸው አለበት። ኮራሁ፤ ደግሞም ቆዘምኩ። ሳዑዲ ዓረቢያ ለሶፊያ ዜግነት የሰጠቻት በጥቅምት 2010 ነው፤ የአገሩ ሴቶች በሕግ መሪ መጨበጥ የቻሉት ከዚያ ስምንት ወር ቆይቶ ነው። የሰው ቤት ለመጥረግ እዚያ የሄዱትን የእኛን ልጆች ግን ማን አስታወሳቸው?

አሁን ወደ ምክሬ ልግባ፤ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንዳይሆን ስሙኝ።

አንተ ትንሹ፣ ስልኩን በሥርዓት አናግር የምልህ ለስልኩ ብዬ አይደለም፤ ለምላስህ ብዬ ነው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ውኃውን አንተ ቅዳ፤ ረከቦቱንም አንተ አቅርብ። እጅህ የሠራውን አፍህ አይንቀውም።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ለማሽን ሲጮኽ «ይጫወት» ብላችሁ አትለፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የስልኩን ድምፅ አንዳንዴ ወደ ወንድ ቀይሩት፤ አዛዥና ታዛዥ በድምፅ እንደማይለይ ጆሮው ይልመድ።

አንቺ ልጄ፣ ከአንቺም ጋር አማርኛ የሚናገር ማሽን ለመሥራት የምትነሡ ሁሉ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቋልና ጊዜው የእናንተ ነው። ሩቅ አገር ሳትሄዱ መፍትሔው ቋንቋችሁ ውስጥ አለ። በአማርኛ «ና» ስትሉ ወንድ፣ «ነይ» ስትሉ ሴት መምረጥ ግድ ነው። «ይምጡ» ስትሉ ግን ምርጫው ይቀራል። አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም፤ «እሳቸው» ንጉሡም ናቸው፣ እቴጌይቱም ናቸው። የባንኩ ማሽን «ካርድዎን ያስገቡ» ሲለኝ ሴትነቴን ሳይጠይቅ አክብሮኛል። ስልክ አልሠራ ሲል የምንሰማት ሴትም «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለው ደዋዩንም የተደወለለትንም አንቱ ብላ ነው፤ እኛ ግን መስመር እምቢ ባለን ቁጥር የምንሰድበው እሷን ነው። ከልጅ አፍ የሚመጣ «አንቺ» ፍቅር ነው፤ ማሽን ግን ዘመድ አይደለምና በአንቱታ ይጀምር። ሰውየው ፈቅዶ ሲያወርደው ይውረድ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የምትሠሩት ማሽን ሲሰደብ ፊቱ አይቅላ፣ አንገቱንም አይድፋ። «እባክዎ በሥርዓት ያናግሩኝ» ይበል። እኔ ብለው ደብዳቤ አስፈረመኝ፤ ማሽኑን የሚያስፈርም የለም።

ይህንኑ ምክር ቤት ውስጥ በነገርኩት ማግሥት ትንሹ ስልኩን አፉ አጠገብ አድርጎ «እማማ ትልቅ ሰው ናት፤ አንቱ በላት» ሲል ሰማሁት። ስልኩም «ይቅርታ እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አለ። ምንም አላስፈለገኝም፤ ውኃው ቀርቦልኛል፣ የቀዳውም እሱ ነው።

በሉ፣ ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም፤ ይብቃኝ። ተነሡና ልመርቃችሁ። እደጉ፣ ተመንደጉ። ለወግ ለማዕረግ ብቁ። ክፉ አይንካችሁ፣ ክፉም ከአፋችሁ አይውጣ። አያችሁ? ምርቃቱ ለሁላችሁም ሲሆን ወንድ ሴት አልለየም። አሜን በሉ።