ስጦታው ከማን ኪስ ይወጣል?

ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ለዕረፍት ዳንግላ ሲመጡ ከሚነግሩን ወሬ አንዱ የክሬዲት ካርድ ወሬ ነው። «በካርዱ በገዛን ቁጥር ነጥብ ይቆጠርልናል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ቲኬት በነፃ ይሰጠናል» ይላሉ። እኛም አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ለመሆኑ ባንክ በነፃ የሚሰጠውን ነገር ከየት ያመጣዋል? አንባቢ ይህን ከእኛ ጋር ቢያስብበት እንወዳለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ አገር ባለካርዱ የመቶ ዶላር ዕቃ ቢገዛ መቶው ሙሉ ለነጋዴው አይደርስም። 2 ከመቶ ገደማ ይቆረጥና ካርዱን የሰጠው ባንክ፣ የነጋዴው ባንክና እንደ ቪዛ ያለው አገናኝ ድርጅት ይከፋፈሉታል። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው፤ ነጥብ የሚቆጥረውም ከዚሁ ላይ ቆንጥሮ ነው። ዳይነርስ ክለብማ በ1950 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ከምግብ ቤቶች 7 ከመቶ ይቆርጥ ነበር። ነጋዴ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ የተቆረጠበትን በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። የተለጠፈው ዋጋ ለሁሉም አንድ ነውና ካርድ የሌላትና በጥሬ ገንዘብ የምትከፍለው ጽዳት ሠራተኛ ጭማሪውን እኩል ትከፍላለች። ነጥብ ግን የሚቆጥርላት የለም። እንግዲህ የዘመዳችን ቲኬት በከፊል የተገዛው በእሷ ገንዘብ ነው ማለት ነው።

ገንዘብ ራሱ ዋጋ ማስከፈሉ አዲስ ነገር አይደለም። አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ ተጭኖ ጎጃም እስኪደርስ የጭነቱና የቀረጡ ወጪ እየተጨመረበት ይወደድ ነበር። ሜጀር ቺዝማን በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል በነበረበት ዘመን፣ ማለትም ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ.፣ ገበያው ላይ ይሠራበት የነበረው ጠገራ ብር ነው። ተቀባዩ ብሩን ያገላብጣል፤ በማርያ ቴሬዛ ጌጥ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች ተፍቀው ከሆነ አልቀበልም ይላል። (ያኔም ነጥብ ይቆጠር ነበር!) ነገር ግን ክርክሩ በሰጪና በተቀባይ መካከል፣ ፊት ለፊት ነበር። የከሰረው ማን እንደ ሆነ ሁለቱም ያዩታል። የካርዱን ዕዳ ግን የሚሸከመው እዚያ ያልነበረ ሦስተኛ ሰው ነው።

በአገራችን ክሬዲት ካርድ ገና አልተስፋፋም፤ በኪሳችን ያለው ካርድ የራሳችንን ተቀማጭ የምናወጣበት ነው። ነገሩ ወደ እኛ የገባው በስልክ በኩል ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በዚያው በ2015 ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ እንዳይሸጥ ተደረገ። ታዲያ «ጥሬ ብር ብቻ» የሚለውን የዳንግላ ባለሱቅ ኋላ ቀር ነው ብለን ስንስቅበት እንሰማለን። ኧረ ምን ያድርግ? በስልክ የገባለትን ገንዘብ ወደ ጥሬ ብር ሲመልስ ኮሚሽን አለ፤ ጤፍና በቆሎ የሚያመጣለት ገበሬ ደግሞ ብሩን በእጁ ካልጨበጠ አይሸጥለትም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ያየውንም አልረሳም። እርግጥ ጥሬ ገንዘብም ወጪ አለው፤ ይሰረቃል፣ ይቀደዳል፣ ተሸክሞ ባሕር ዳር ድረስ መሄዱም ያስፈራል። ያም ሆኖ የባለሱቁ እምቢታ ሒሳብ እንጂ ድንቁርና አይደለም።

ኢኮኖሚክስ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን «ክፍያው ከተቀነሰ ስጦታውም ይቀንሳል» ይሉናል። እውነት ነው። አውስትራሊያ በ2003 እ.ኤ.አ. ክፍያውን ስትቀንስ ነጥቡ ሳስቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2015 ባንኮቹ እርስ በርስ የሚቆራረጡትን በዴቢት ካርድ ከ0.2፣ በክሬዲት ካርድ ከ0.3 ከመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ቢቀንስስ? ከጽዳት ሠራተኛዋ ኪስ የተወሰደ ስጦታ ቢሳሳ ማን ተበደለ? እኛን ይበልጥ የሚቆጠቁጠን ግን ሌላ ነው። በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለአሜሪካን ኤክስፕረስ ፈረደ። ነጋዴው ደንበኛውን «ይህ ካርድ ያስወድድብኛል፤ እባክህ በሌላ ክፈለኝ» እንዳይል የሚከለክለው ውል በዚህ ጸና። ክፍያ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ከፋዩ እንዳያውቅ አፍ ማዘጋት ግን በእኛ እምነት በደል ነው።

ስለዚህ ክሬዲት ካርዱ ዳንግላ ሲደርስ (መድረሱ አይቀርም) ባለሱቁ ሁለት ዋጋ የመለጠፍ መብት ይኑረው እንላለን፤ አንዱ ለጥሬ ብር፣ አንዱ ለካርድ። በዚህ አሳብ ከመካከላችን አንዱ አልተስማማም። በአውስትራሊያ ጭማሪ የተፈቀደላቸው አንዳንድ ነጋዴዎች ከሚቆረጥባቸው በላይ ሲያስከፍሉ ስለ ተገኙ በ2016 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ አስፈልጓል ይለናል። የእኛስ ባለሱቅ ከማን ተሽሎ? መልሱን ለሚቀጥለው እትም ጽፎ እንዲያመጣልን ጠይቀነዋል።