ትዕግሥት እስከ ወፍጮው አፍ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተጻፈው የእንክርዳድ ምሳሌ፣ ባለቤቱ እንክርዳዱን ለመንቀል የተጣደፉትን አገልጋዮች ስንዴውም አብሮ እንዳይነቀል ሰግቶ እስከ መከር እንዲታገሡ ያዘዘበት በመሆኑ፣ ከክፉ ጋር ታግሦ መኖርን ለማስተማር ሲጠቀስ ኖሯል። ዮሐንስ አፈወርቅም ሲተረጉመው፣ ዛሬ እንክርዳድ የሆነ ሰው ነገ ተለውጦ ስንዴ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ይሁን እንጂ ምሳሌው በእርሻው ላይ አያበቃም፤ በመከር ቀን እንክርዳዱ አስቀድሞ ተለቅሞ ለእሳት ይታሰራል፣ ስንዴው ወደ ጎተራ ይገባል። ትዕግሥት እንግዲህ ድንበር አለው፤ ድንበሩ የት ላይ ነው የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

ይህን ድንበር የእህል ወፍጮ በግልጽ ያሳያል። በአውድማ ላይ በከብት የተበራየ ጤፍ አፈርና ጠጠር ይዞ ይመጣል፤ የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነና ወንፊትም የሚለየው በመጠን ብቻ ስለሆነ፣ እርሷን የምታክል የአሸዋ ቅንጣት አብራት ታልፋለች። እናቶች ሰፌድ ላይ እያንተረተሩ የሚለዩት በክብደት ነው፤ በዱቄት ፋብሪካ ያለው ጠጠር መለያ ማሽንም ያዘነበለውን ወንፊት እያንቀጠቀጠና ከሥር አየር እየነፋ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ማግኔት ደግሞ ብረቱን ይዞ ጠጠሩን ያሳልፋል። ከሁሉም ያመለጠ ብሎን በመዶሻ ወፍጮ፣ ማለትም እህሉን በሚሽከረከሩ ብረቶች እየመታ በሚያደቅ ወፍጮ ውስጥ ከገባ፣ ወንፊቱን ሊበሳ፣ ብልጭታም ሊያስነሣ ይችላል፤ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ዱቄት ደግሞ በብልጭታ ይፈነዳል። የደቀቀውን ጠጠር ከዱቄቱ መልሶ የሚለይ ሰፌድ የለም።

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያም ከባዕድ ነገር የሚጠበቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጄት ሞተር አየሩን ሲስብ አብሮ የመጣውን ሁሉ ይውጣልና። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አስመራ ይጓዝ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737፣ ከባሕር ዳር ሲነሣ በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውበት ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግብ ግን በወንጌል የየዋህነት ምሳሌ ናት፤ ጠጠርም ለቤት መሠረት ይሆናል። ባዕድ ነገር የሚባለው በባሕርዩ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን በማይገባው ቦታ ስለተገኘ ነው፤ ስለዚህም በደሉ ከነገሩ ላይ ተነሥቶ መግቢያውን እንዲጠብቅ በተሾመው ሰው ላይ ያርፋል።

አፈወርቅ ያስተማረው ትዕግሥት የሚገባው መለወጥ ለሚችል ነው፤ ጠጠር ንስሐ አይገባም። አውቆ የሚቀላቅል ነጋዴም በእንክርዳዱ ምሳሌ ሊከለል አይችልም። በእስልምና ትውፊት ነቢዩ ሙሐመድ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰድደው ከላይ የደረቀው ከውስጥ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ሻጩን በብርቱ ገሥጸውታል፤ ነቢዩ አሞጽም የስንዴውን ግርድ የሚሸጡትን ወቅሷል።

ሳያውቅ ያሳለፈውስ? በሰፈር ወፍጮ ቤት እህሉን ለቅማ የምታመጣው የቤቱ እመቤት ስለሆነች ኃላፊነቱ ስም አለው። በፋብሪካ ግን የብዙ ገበሬ እህል በአንድ ጎተራ ተደባልቆ፣ የመልቀሙም ሥራ ለማሽን ተሰጥቶ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሌላው አይቶታል ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ማሽኑ ይህን ኃላፊነት አይወስድለትም፤ ማግኔቱ ራሱ በየጊዜው ተከፍቶ ካልተጠረገ፣ የያዘውን ብረት የሚወርደው እህል ጠርጎ ወደ ወፍጮው ይመልሰዋል።