ልብ ያየው፣ ዓይን ያላየው ካርታ

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ሲባል የሚከራከር ሰው አይገኝም። ልቡ ሌላ ቦታ የዋለ ተማሪ ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ ውሎ ምንም ሳይዝ እንደሚወጣ መምህሩም ወላጁም ያውቃል። ተረቱ የሚጨነቀው ካርታ ከሚያገላብጥ እጅ ፊት ሲቆም ነው። መድረክ ላይ ካርታ መሰወርና ከአየር ላይ የለቀሙ መስሎ ማውጣት ዛሬ መምህር ፍለጋ ባሕር የሚያሻግር ሙያ አይደለም። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ጀማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ብላክፑል ላይ የዓለም ምትሃተኞችን ታላቅ ሽልማት የወሰደውን ደቡብ ኮሪያዊ ዩ ሆጂንን በስልኩ እያቆመ፣ እየመለሰ ሊያየው ይችላል። አክሮባት ከሆነ ልብ ብለህ ባየኸው መጠን አካሄዱ ይገባሃል። ካርታ ግን እንዲህ አይደለም፤ አፍጥጦ የሚያየው ሰው ለምትሃተኛው ምቹ ተመልካቹ ነው። ልብ ብሎ ማየት የማያድንበት ሙያ ካለ ደግሞ ተረቱ አንድ የዘለለው ነገር አለ ማለት ነው።

ጀማሪው መጀመሪያ የሚታገለው ካርታውን ከእጁ ጀርባ ከመደበቅ ጋር ነው። የካርታው አንዱ ጠርዝ በጠቋሚና በመሐል ጣት፣ ሌላው ጠርዝ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መካከል ይቆነጠጣል። ጣቶቹ ታጥፈው ሲዘረጉ ካርታው ተገልብጦ ወደ እጅ ጀርባ ይሄዳል፤ ተመልካቹ ባዶ መዳፍ ያያል። ቀጥሎ እጁ ሲዞር ካርታው መልሶ ወደ መዳፍ መግባት አለበት። የእጅ አንጓው መዞርና የጣቶቹ መታጠፍ እኩል ካልሄዱ የካርታው ጥግ በጣቶች መሐል ብቅ ብሎ ያሳብቃል። ይህ ሁሉ ግን የጣት ሥራ ስለሆነ በመደጋገም ይገራል። አስቸጋሪው ዓይን ነው። ጀማሪ ካርታውን በሚሰውርባት ቅጽበት ወይ ወደ እጁ ይመለከታል፣ ወይ ዓይኑን ያርገበግባል። መስታወት ፊት ሲለማመድ አይታወቀውም፤ ዓይኑ በተከደነባት ቅጽበት መስታወቱም ለእሱ የለምና። የስልክ ካሜራ ነው የሚያጋልጠው። ተመልካች ምትሃተኛው ወደሚያይበት ስለሚያይ፣ የጀማሪው ልብ በደበቀው ካርታ ላይ እስከተጣበቀ ድረስ የአዳራሹም ዓይን እዚያው ይጣበቃል። እስከዚህ ድረስ ተረቱ ከሚለውም በላይ እውነት ነው፤ የአንዱ ልብ የሌላውን ዓይን ይመራል።

ከዚህ በኋላ ግን ያነክሳል። ምትሃት የሚያውቀው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉስታቭ ኩን ከማይክል ላንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው ጥናት የተሠራው በካርታ ሳይሆን በትንሽ ኳስ ነው። ምትሃተኛው ኳሷን እየወረወረ ይቀልባል፤ በመጨረሻው ላይ እጁን ብቻ ያነሳል፣ ኳሷ መዳፉ ውስጥ ቀርታለች፣ ዓይኑ ግን የምትበር ኳስ እንደሚከተል ወደ ላይ ይሄዳል። ከተመልካቾቹ 68 በመቶው ኳሷ ወደ ላይ ስትወጣ አየን አሉ። ምትሃተኛው ወደ ላይ ማየቱን ትቶ ወደ እጁ ሲመለከት ቁጥሩ ወደ 32 በመቶ ወረደ። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመው የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲለካ የታየው ነው። አየን ካሉት ውስጥ የሚበዙት፣ ኳሷ ደረሰች ወዳሉት ቦታ ዓይናቸውን ጭራሽ አልላኩም፤ የምትሃተኛውን ፊት ነበር የሚያዩት። ዓይን ያልደረሰበትን ልብ አየው። ተረታችን ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም። ልብን በዓይን ላይ ዘበኛ አድርጎ ሾሞ ተገላግሏል፤ ዘበኛው ራሱ በሩን ሲከፍት ምን እንደሚደረግ አልተናገረም።

ለተረቱ ጠበቃ የሚቆም ሰው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹን የዳንኤል ሳይመንስንና የክሪስቶፈር ቻብሪስን የእ.ኤ.አ. 1999 ሙከራ ሊያነሳ ይችላል። የኳስ ቅብብል ቁጠሩ ከተባሉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የጎሪላ ልብስ ለብሶ በተጫዋቾቹ መሐል ያለፈን ሰው አላዩም። ልብ ስላላየ ዓይንም አላየም፤ እውነት ነው። ነገር ግን የእነዚያ ሰዎች ልብ አልባከነም፣ ቆጠራው ላይ ተተክሎ ነበር። ስለዚህ ልጅን «ልብ በል!» ብሎ መቆጣት የምክሩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ልብ የሚል ሰው አንዱን ለማየት ሌላውን ይተዋል። ሌላው ጠበቃ ደግሞ የሚያታልለው የእጅ ፍጥነት ነው ይላል። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፤ በልጅነቱ ቀኝ እጁን ያጣው አርጀንቲናዊው ምትሃተኛ ሬኔ ላቫንድ በቀረችው አንድ እጁ፣ ያውም ሆን ብሎ በዝግታ እያሳየ፣ ሰው አልደረሰበትም። ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው መከራከሪያ ነው። የሚታለለው የማያውቅ ሰው ነው፣ የባለሙያ ልብ አይታለልም የሚለው። ዝነኛው ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒ ሦስት ጊዜ ካየሁት የማልደርስበት ምትሃት የለም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ላይ ዳይ ቨርነን የተባለ ወጣት፣ ሁዲኒ በእጁ ምልክት ያደረገበትን ካርታ ከላይ ሁለተኛ ቦታ ላይ አስገብቶ ከሁሉም በላይ አወጣው። ከሦስት ጊዜ በላይ ደጋገመለት፤ ሁዲኒ አልደረሰበትም። እንደሚመስለኝ የጎዳው እውቀቱ ነው። በየድግግሞሹ የሚያውቀውን ዘዴ ሲፈልግ የማያውቀው በፊቱ ያልፍ ነበር። ተረቱን እንዳለ ከማጽደቅ ይልቅ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ልብ ከቀደመ ደግሞ ዓይን ያላየውን ያምናል» ብሎ ማስረዘም ይሻላል። አፍ ላይ እንደ ዋናው እንደማይጥም አውቃለሁ።

ይህ የመድረክ ጨዋታ ነው፣ ኑሮን አይነካም የሚል ካለ ወደ ታክሲ ተራ እንውረድ። «ቀይዋን ያየ!» እያለ ሦስት ካርታ የሚያገላብጠውን ቁማርተኛ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። በአንድ እጁ ሁለት ካርታ ደርቦ ይይዝና የታችኛውን የጣለ መስሎ የላይኛውን ይጥላል፤ ብዙ ሰው ወጥመዱ ይህ ብቻ ይመስለዋል። ክፉው ሌላ ነው። ቁማርተኛው ሆን ብሎ ፊቱን ዞር ሲያደርግ፣ እንደ ተጫዋች አጠገቡ የቆመው ግብረ አበሩ የቀይዋን ጥግ በስሱ ያጥፋታል። ከከበበው ሰው መሐል ፈዛዛው አያያትም። ልብ ያለው ግን ያያታል፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ገንዘቡን ያወጣል። ቁማርተኛው ካርታዎቹን ሲያገላብጥ የቀይዋን ጥግ አቅንቶ የጥቁሯን አጥፏል፤ ልብ ያለውም ሰው ይበላል። ይህ የስግብግብነት ቅጣት እንጂ የማየት ጉዳይ አይደለም ይባል ይሆናል። ስግብግብነቱ አለ። ግን ወጥመዱ የተሠራው ልብ ባለው ሰው ልክ ነው፤ የታጠፈ ጥግ ለማየት የማይተጋ ስግብግብ በዚህኛው ዘዴ አይያዝም። ቃሊቲ የሚሄድ ታክሲ እንዳያመልጠው ሳሪስ ላይ ሲሮጥ ካርታውንም ጥጉንም ሳያይ ያለፈው ሰውዬ፣ ተረቱ የሚወቅሰው ያ ልበ ቢስ፣ ሒሳቡን ለረዳቱ ከፍሎ መልሱን ይቀበላል።